ችካሉ ሳይተከል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሸካ ዞን በአንድ ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ፤ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በደናችን መካከል የሚያልፍ 38 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ሊሠራ ነው። ቀያሾች መጥተው ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየተከሉ አልፈዋል። ባለፈው ሰኞ ደግሞ «ኅብረተሰቡን አወያይተህ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርመህ በዐሥር ቀን ውስጥ ላክ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የአጎቴ ቀፎዎች የተሰቀሉበት ገተም የተባለው ዛፍ ከአንዱ ችካል ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አለቃዬ «መንገዱ የሚይዘው 30 ሜትር ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ይለኛል። መንገዱን አልጠላሁትም፤ ሁላችንም እንፈልገዋለን። ያን ወረቀት ማስፈረም ግን ከበደኝ። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ። (ከማሻ አካባቢ)

መልስ፦ እንደ ልጅዎ ካልከኝ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዐይኔ ያረፈው ዐሥራ አንዷ እርምጃ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እኔም እንዳንተ ለሥራው አዲስ በነበርኩበት ጊዜ፣ በደቡብ ምዕራብ በአንድ የመንገድ ጥናት ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተላክሁት መስመሩ ካለቀ፣ ችካሉም ከተተከለ በኋላ ነው። ሰዉን ሰብስቤ ስለ መንገዱ ጥቅም አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ቃል ሳይተነፍሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሥተው ወደ ዳገቱ ወጡ። ሲመለሱ አንዱን ችካል ነቅለው ይዘውታል። ጭቃውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ይኼን መጀመሪያ ውሰጂው፤ ከዚያ ተመልሰሽ ነይና እንነጋገራለን» አሉኝ በአስተርጓሚ።

አልወሰድኩትም። ለቀያሹ ሰጠሁት፤ እሱም ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተክሎ ለካና እዚያችው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ መታው። እኔ 62 ፊርማና የጣት አሻራ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሪፖርቴም ተመሰገነ።

ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ በመኪና አለፍኩ። ሽማግሌው ያሳዩኝን፣ ቀፎአቸው የተሰቀለበትን ገተም ፈለግሁት፤ የለም። መንገዱ አልነካውም ነበር፤ ከጠርዙ ስምንት ሜትር ርቆ ነው ያለፈው። ዛፉን የወሰደው በመንገዱ የመጣ ሰው ነው። ቀድሞ ግንድ ለማውጣት ቀን የሚፈጅ ሸክም ያስፈልግ የነበረበት ቦታ አሁን አይሱዙ ሌሊት ቆሞ ይጭናል። ሽማግሌው ከዚያ በፊት አርፈዋል። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ አለቃህ «30 ሜትር» ሲልህ አልዋሸህም። ዶዘሩ የሚነካው እሱኑ ነው። 38 ኪሎ ሜትር በ30 ሜትር ስታባዛው 114 ሄክታር ይሆናል። አሁን ሌላ ቁጥር ልስጥህ። በብራዚል አማዞን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጨፈጨፈው ደን 95 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ጀልባ ከሚሄድበት ወንዝ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ከችካልህ ተነሥተህ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር የምትሄደው ነው፤ ያውም በመንገዱ በሁለቱም በኩል። በአንተ 38 ኪሎ ሜትር ላይ ስትመታው ወደ 41,800 ሄክታር ይመጣል። ያ ሁሉ ይጠፋል ማለቴ አይደለም፤ ማሻ አማዞን አይደለችም። ነገር ግን ሰዉ መነጋገር ያለበት ስለ 41,800ው ነው፤ አንተ እንድታስፈርም የታዘዝከው ስለ 114ቱ ብቻ ነው። የከበደህ ነገር ይኼ ይመስለኛል።

አማዞኖች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል። በብራዚል ሮንዶኒያ የሚባለው ግዛት ውስጥ የሚያልፈው ቢአር-364 የተባለው መንገድ በዓለም ባንክ ብድር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 አስፋልት ለበሰ። መሬት የሌለው ገበሬ ከደቡብ በአውቶቡስ ጎረፈ። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ትናንሽ መንገዶች እየተቀጠሉ ሄዱ፤ ከሰማይ ሲታይ ደኑ የተጋጠ የዓሣ አጥንት መሰለ። ብራዚላውያን ራሳቸው የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1985 ክፍያውን አቆመ፤ ደኑ ግን ሄዷል።

ቀጥሎ ያለው ግዛት አክሬ ይባላል። መንገዱ ወደዚያ እንዲቀጥል ከሌላ ባንክ ብድር ሲዘጋጅ፣ ቺኮ ሜንዴስ የሚባል ጎማ ለቃሚ ተነሣ። ጎማ ለቃሚዎች ዛፍ አይቆርጡም፤ የጎማውን ዛፍ ልጥ ጫር አድርገው ወተቱን ይቀዳሉ፣ ዛፉም ለልጅ ልጅ ይቆያል። አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ የራሱ የታወቀ የእግር መንገድና የራሱ ዛፎች አሉት። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእናንተ ኮቦ ነው። አጎትህ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ከአባቱ የወረሰው፣ ወሰኑን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የደን ድርሻ ማለቴ ነው። መሬቱ በወረቀት የመንግሥት ነው፤ በሰው አእምሮ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። አክሬም እንዲሁ ነበር።

እነ ቺኮ ከነልጅና ሚስቶቻቸው ተያይዘው በመጋዙ ፊት ይቆሙ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1987 ቺኮ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ለአበዳሪው ባንክ ሰዎችና ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት አስረዳ፤ የመንገዱ ገንዘብ በዚያው ዓመት ታገደ። በዲሴምበር 22፣ 1988 ሻፑሪ በምትባለው ከተማ በቤቱ ጓሮ ተገደለ። የጠየቀው ነገር መንገድ አይሠራ የሚል አልነበረም። መንገዱ ከመምጣቱ በፊት በደኑ ላይ ያለን መብት ይታወቅልን ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በስሙ የተሰየመ፣ ስፋቱ 970,000 ሄክታር የሚደርስ፣ የአገሬው ሰው እየለቀመ የሚኖርበት ጥብቅ ደን ተከለለ። ዛሬ እዚያም ውስጥ የከብት ግጦሽ እየገባ ነው፤ ይህን አልደብቅህም። ግን ከጎኑ ካለው ሜዳ ጋር ስታነጻጽረው፣ ደን ሆኖ የቆየው ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምርልህ፤ ይኼኛው ለባለሙያ የሚጠቅም ነው። ከኩያባ ወደ ሳንታሬም የሚሄደው ቢአር-163 አስፋልት ይልበስ ሲባል፣ የብራዚል መንግሥት በማሪና ሲልቫ የአካባቢ ሚኒስትርነት ዘመን አዲስ ነገር ሞከረ። ማሪና ራሷ የአክሬ ጎማ ለቃሚ ልጅና የቺኮ የትግል ጓድ ናት። ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች ገበሬው፣ ነባሩ ሕዝብ፣ እንጨት ነጋዴው፣ ከንቲባው፣ ተመራማሪው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ተከራከሩ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005፣ ለድሃ ገበሬዎች የቆሙት መነኩሲት ዶሮቲ ስታንግ አናፑ ላይ በጥይት ተገደሉ። አገሩ ደነገጠ፤ መንግሥትም በመንገዱ ዙሪያ ሚሊዮኖች ሄክታር ማንም እንዳይነካው አገደ። በ2006 ዕቅዱ ወጣ፣ ጥብቅ ደኖችም በመንገዱ ዳር ተከለሉ። በወረቀት እንደዚያ ያማረ የመንገድ ዕቅድ እኔ አላየሁም።

ሆኖም ከእነዚያ ጥብቅ ደኖች አንዱ፣ ጃማንሺም፣ ኋላ በብራዚል ክፉኛ ከተጨፈጨፉት ጥብቅ ቦታዎች መካከል ሆነ። ዕቅዱ ሲወጣ የነበረው ሚኒስትርና ባለሙያ ተቀየረ፣ ቃል የተገባው ጠባቂና በጀት ሳሳ፤ መሬት ቀማኛው ግን እዚያው ነበር። አስፋልቱ ታፓዦስ ወንዝ ላይ ያለው ሚሪቲቱባ ወደብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ዕቅዱ የተጻፈለት ሰው ግን ሳይጠበቅ ቆየ። እንግዲህ ልብ በል፤ ቢሯችሁ ያለው ቃለ ጉባኤ የቱንም ያህል ቢያምር መንገዱ ካለቀ በኋላ የሚቆም ሰው ከሌለው እንደዚያ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ አንተ ዐሥር ቀን እንምጣ።

መጀመሪያ አለቃህን በቃል ሳይሆን በማስታወሻ ጠይቀው፤ ጥያቄህም አጭር ይሁን፦ መስመሩ ሊለወጥ ይችላል ወይስ አይችልም? አይችልም ካለህ ያንተ ስብሰባ ውይይት አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ «ውይይት» ብለህ እንዳትጽፍ። ይቻላል ካለህ ከቀያሾቹ ሌላ አማራጭ መስመር በእርሳስ ተሠርቶ እንዲመጣልህ ጠይቅ፤ ሰዉ የሚነጋገረው በሁለት መስመር መካከል ሲሆን ነው። መሐንዲሶች ይህን አይጠሉትም። በጠርዝ ዞሮ የሚሄድ መስመር ሦስት ኪሎ ሜትር ቢረዝም አንዳንድ ጊዜ ቆረጣውና ድልድዩ ይቀንስለታል። እግረ መንገድህንም የድንጋይ ካባውና ገረጋንቲው ከየት እንደሚወጣ፣ የሠራተኛው ካምፕ የት እንደሚተከል፣ ካባ ድረስ የሚገባው ጊዜያዊ መንገድ ሥራው ሲያልቅ ማን እንደሚዘጋው ጠይቅ። እኔ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው የገባው ማንም ዘግቶት በማያውቀው የካባ መንገድ ነው።

ቀጥሎ፣ ማን እንደሚቀመጥ። የቀበሌው ሊቀመንበርና ሁሌም የሚጠሩት ስድስት ሽማግሌዎች ብቻቸውን ደኑን አያውቁትም። ኮረሪማና ጥምዝ የሚለቅሙት ሴቶች ያውቁታል። ማንጆዎች፣ ከሌላው ተገልለው በደኑ የሚኖሩት ወገኖች፣ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በስብሰባ ግን ዳር ይቀመጣሉ፣ ወይም ጭራሽ አይጠሩም። ይህን አንተ የአገሩ ልጅ ስለሆንክ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። እነሱ ካልተናገሩ ስብሰባው ጎዶሎ ነው። ለብቻቸው፣ በሰፈራቸው ሄደህ ስማቸው፤ ከዚያ በአንድ ላይ ተሰብሰቡ።

በብራዚል ታፓዦስ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሙንዱሩኩ የሚባሉ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ2014 ያደረጉት ነገር እጅግ ይማርከኛል። መንግሥት ትልቅ ግድብ ሊሠራ ሲመጣ፣ «እኛን እንዴት እንደምትጠይቁን ደንቡን እኛ እንጽፈዋለን» አሉና ጻፉት። ከተማ ድረስ አትጥሩን፣ እኛ በመረጥነው መንደር ኑ፤ በቋንቋችን ይሁን፣ አስተርጓሚውንም እኛ እንመርጣለን፤ መሣሪያ ይዛችሁ አትምጡ፤ አንድ ሰው ብቻውን ስለ ሁላችን አይፈርምም፤ ወስናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ አትምጡ። ሳኦ ሉዊስ ዶ ታፓዦስ የተባለው 8,040 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ የፈቃድ ጥያቄው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 በአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ተዘጋ። የእናንተም ሰዎች አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። በሸክኛ ይጻፍ፣ በአማርኛም ይገልበጥ።

ሌላም ነገር አለ። መንገድህ ወደ ጎሬ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ክልሉ ይለወጣል፤ ደኑ ግን አይለወጥም። ማዶ ካሉት የኢሉባቦር ሰዎች ጋር ካልተነጋገራችሁ ከእናንተ በኩል የተከለከለው ግንድ በዚያ በኩል ይወጣል። የፔሩዋ ማድሬ ዴ ዲዮስ፣ የብራዚሏ አክሬና የቦሊቪያዋ ፓንዶ ሦስት አገር ውስጥ ናቸው፤ አማዞንን አቋርጦ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኝ መንገድ እንደሚመጣ ሲያውቁ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው፣ ማዘጋጃ ቤቶቻቸውና መንደርተኞቻቸው በየጊዜው የሚገናኙበት መድረክ አቋቋሙ። ማፕ አሉት፣ በሦስቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል። ሥልጣን የለውም፤ አንዱ ዘንድ የሚሆነውን ሌላው በጊዜ እንዲሰማ ግን አድርጓል። የሁለት ወረዳ ባለሙያዎችና የሁለቱ የደን ማኅበራት በሁለት ወር አንድ ቀን ኬላው ላይ ቡና ቢጠጡ እንዲህ ያለ ነገር ይወለዳል። በጀት አይፈልግም።

መነሻ የላችሁም ደግሞ አትበል። አሳታፊ የደን አስተዳደር ቦንጋ አካባቢ ከተጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ፈርሞ ደኑን ይጠብቃል፣ ይጠቀማልም። ካፋና ያዩ በ2002፣ ሸካ በ2004፣ ማጃንግ በ2009 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብለው ተመዝግበዋል። ይህ ምዝገባ ካርታ አለው፤ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ቀበቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት። ካርታውን አውጣና ችካሎቹን አንድ በአንድ አስቀምጥበት። ዛሬ ማታ ሥራው።

የአጎትህን ገተም በተመለከተ፣ ካሳ ሲገመት ቀፎው ይቆጠራል። ዛፉ ግን «የደን ዛፍ» ተብሎ ይታለፋል ብዬ እፈራለሁ። ያ ነጭ ማር የሚመጣው ከገተም አበባ ነው፤ እሱን የሚተካ ዛፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አይደርስም። አጎትህንና ጎረቤቶቹን ይዘህ በመስመሩ ላይ በእግር ሂድ፤ ከግራም ከቀኝም ቀፎ ያለበትን ዛፍ ሁሉ ከነባለቤቱ ስም መዝግብ። ይህ ዝርዝር ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ካልሄደ አትፈርም። ለዐሥሩ ቀን ብዬ አይደለም፤ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ በመኪና ስታልፍ የምታየውን አስቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ውይይት በሕግ ግዴታ ነው ወይስ የመንግሥት መልካም ፈቃድ? በአጭሩ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ግዴታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል፤ አንቀጽ 92ም አካባቢን በሚመለከት ይኸንኑ ይደግማል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ ስለዚህ ወደ ቢሮ ሄደህ «ሪፖርቱን አሳዩኝ» ማለት ልመና አይደለም። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደን ይዞታን አውቋል። ክፍተቱ ያለው ሕጉ «መቼ» የሚለውን አጥብቆ ባለመያዙ ላይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ካጣህ ይኼን ውሰደው፦ ሕዝቡ የተጠየቀበት ቀንና ችካል የተተከለበት ቀን በየፕሮጀክቱ የትኛው ይቀድማል?

ጥያቄ፦ በካፋ ገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አምስት ሰዓት በጭቃ ተሸክመው አመጧት። እሷን አዳንናት፣ ልጁ ግን ታፍኖ ሞቶ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ ደን የምትጽፉ ሰዎች ስታስቡት መንገድ የሚፈልገውን ሰው የምትረሱት ይመስለኛል። የእኛ መንደር መንገድ አንድ ቀን ቢዘገይ በሰው ሕይወት የሚከፈል ነው።

መልስ፦ ሲስተር፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልጻፉም። እኔ ቃሬዛ ተሸክሜ አላውቅም፤ ከኋላ ተከትዬ ግን ሄጃለሁ። ተሸካሚዎቹ ሲለዋወጡ ቃሬዛው መሬት እንዳይነካ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ፣ ጨለማው ውስጥ «ቀስ፣ ቀስ» የሚባባሉትን አልረሳውም። ያች እናት ያለችበት መንደር መንገድ ይገባዋል። ማንም ሰው ስለ ዛፍ ብሎ ያንን ቢከለክል እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ያነሡት ክርክር በአማዞንም ያለ ነው። ከማናውስ ወደ ፖርቶ ቬሎ የሚሄደው ቢአር-319 እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፍቶ፣ በጥቂት ዓመት ፈራርሶ፣ መካከሉ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጭቃ ሆኖ ቀረ። ደን ወዳዱ «ይብቃ» ሲል ኖረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ማናውስ በኮቪድ ተጨንቃ ሆስፒታሎቿ ኦክስጅን አጡ፤ ኦክስጅን የጫኑ መኪኖች በዚያ ጭቃ እየተጎተቱ መጡ። ከዚያ ወዲህ የማናውስን ሰው «መንገድ አያስፈልግህም» ብሎ የሚያሳምነው የለም፤ ማሳመንም አይገባም። ክርክሩ ግን አሁንም አላለቀም፤ ምክንያቱም ያ መንገድ ከተጠገነ ገና ያልተነካው የደኑ መሐል ለመሬት ቀማኛ ይከፈታል።

ሰዉ ሳይጠየቅ ሲቀርም መንገዱ ራሱ ይዘገያል። የቦሊቪያ መንግሥት ቲፕኒስ በሚባለው የነባር ሕዝቦች ጥብቅ ደን መካከል የሚያልፍ 306 ኪሎ ሜትር መንገድ ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ2008 ውል ፈረመ። ያኔ አልተጠየቁም። በ2011 የመንደሩ ሰዎች 65 ቀን በእግራቸው ተጉዘው ላ ፓዝ ገቡ፤ በመንገድ ላይ ፖሊስ በዱላ ደበደባቸው፣ አገሩም ተቆጣ። መንገዱ በሕግ ተከለከለ። ከዚያ በ2012 ምክክር ተባለ፣ በ2017 ክልከላው ተነሣ፣ ሰዉም ለሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያው ዓመት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ለእርስዎ ላሳይዎ የምፈልገው ግን ሌላ መንገድ ነው። ከማናውስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦዋ ቪስታ የሚሄደው ቢአር-174 በዋይሚሪ አትሮዋሪ ሕዝቦች ምድር ላይ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልፋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በወታደር ኃይል ሲቀደድ ከሕዝቡ ብዙው አለቀ፤ ያ ቁስል አልዳነም። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው፣ መኪናም ይበዛበታል። ነባሩ ሕዝብ ግን ለዓመታት በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ሰንሰለት ሲዘረጋ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትም ሲከፍተው ኖሯል። ሌሊት አውሬው ይሻገር፣ ሰዉም ይረፍ ብሎ። የተዘጋው ለሁሉም አልነበረም። አውቶቡስ ያልፍ ነበር፣ የሚበላሽ ምግብ የጫነ ያልፍ ነበር፣ አምቡላንስ ያልፍ ነበር። ሰንሰለቱን የሚቃወም ሁልጊዜ አለ፤ በመንገዱ ዳር ያለው ደን ግን ቆሟል።

ለእናንተ መንደር የሚያስፈልገው መንገድ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ተነሥታችሁ አስቡ። ከመንደር እስከ ጤና ጣቢያው የሚደርስ፣ ቱቦና ድልድይ ያለው፣ ለአንድ አምቡላንስ የሚበቃ መንገድ አንድ ነገር ነው፤ ደኑን ከወዲያ ወዲህ ሰንጥቆ ለሃያ ቶን ጭነት የሚከፈት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ነገ እንኳን ጀምሩት፤ በፈረስ መሄጃው ጠርዝ ላይ ቢሄድ ከእምብርቱ ደን ምንም አይነካም ብዬ እገምታለሁ፣ ግን ቦታውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስብሰባው ላይ ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ይገኙ፤ ያች እናትም ፈቃዷ ከሆነ ትናገር። በየትኞቹ ወራት መንገዱ እንደሚዘጋ፣ ከየትኛው መንደር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የመዝገብዎን ቁጥር ይዘው ይግቡ፤ መሐንዲስ የሚሰማው እሱን ነው።

በደኑ መግቢያ ላይ የሌሊት ኬላ ይቁም ከተባለ ደግሞ ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንደኛው የደን ማኅበሩ ዘንድ፣ ሁለተኛው እርስዎ ዘንድ። ቃለ ጉባኤው ላይ በስምዎ ሳይሆን በሥራ መደብዎ ያስጽፉት፤ እርስዎ ሲዛወሩ ቁልፉ አብሮ እንዳይዛወር።